የሰበርኳቸው የቅቤ ማሰሮዎች

ቦኖሻ ገበያ ስወጣ "ያቺ ማሰሮ ሰባሪ" ብለው የሚጠቋቆሙብኝ ዛሬም አሉ። ሐሜት አይደለም፤ ሰብሬያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የአራት ጎረቤቶቼን የቅቤ ማሰሮ በድንጋይ አድቅቄያለሁ። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይባላል፤ እኔ ግን ከዳውላው በፊት አህያውንም መትቼዋለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሬታችን ከአምራቾች ማኅበር ጋር ተቀላቅሎ በርበሬና በቆሎ በጋራ እናርስ ነበር። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት ተምች በቆሎውን ወረረው። ማሳው ዳር ሲቆሙ ተምቹ ቅጠሉን ሲቆረጥም ይሰማል፤ ዝናብ የሚያካፋ ነበር የሚመስለው። ወዲያው "መድኃኒት መጣ" ተባለ። ጣሳዎቹን ያስቀመጡት መንግሥት በዘጋው የጸሎት ቤታችን ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ደርድረው ነው። ከመንገድ ማዶ ሳልፍ እንኳ ለሽታው አፍንጫዬን በነጠላዬ እይዝ ነበር። ጣሳው ላይ የራስ ቅል ተሥሏል፤ ከሥሩም ብዙ ተጽፏል፤ ግን የእኛ ፊደል አልነበረም። ስንት ለፍቼ ማንበብ በቻልኩ ማግስት እንዲህ ያለ ነገር ስለገጠመኝ ተናደድኩ።

የግብርናው ሰው አንድ ቀን መጥቶ አስተማረን። "ጓንት አድርጉ፣ ፕላስቲክ ልበሱ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ" አለ። ጓንትም ፕላስቲክም አላመጣም። ሳሙና ደግሞ በዚያ ዘመን ለሙሽራ እንኳ ተለምኖ የሚገኝ ነገር ነበር። አስተምሮ ሲጨርስ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ሆሳዕና ተመለሰ።

ባሌ ከረጪዎቹ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ያፈስ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ጀርባው ቀልቶና ተቃጥሎ ተመለሰ። እኛ አገር ቆዳ ለሚነካ ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ቅቤ። ለፀሐይ ቅቤ፣ ለብርድ ቅቤ፣ ለአራስ ቅቤ። በማግስቱ ጠዋት ከማጅራቱ እስከ ተረከዙ አሸሁት። ሲመለስ "ዛሬስ አላቃጠለኝም" አለኝ።

ያን ቀን ኩራቴን ባያችሁ! የተማረው ሰው ያላወቀውን እኔ አወቅሁ ብዬ ሰፈሩን ዞርኩ። የረጪ ሚስት ሁሉ ባሏን መቀባት ጀመረች። አጥሬን ተጋርታ የምትኖረው፣ አብረን ውኃ የምንወርድ ጎረቤቴማ ለክረምት ያስቀመጠችውን ቅቤ ሳይቀር አወጣች።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ምሳውን ይዤ ማሳው ስደርስ ባሌ በቆሎው መሃል ይንገዳገዳል። ለሃጩ በአገጩ ላይ ይወርዳል፤ ላቡ ሸሚዙን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆታል። አስመለሰው። ከዚያ በግንባሩ ተደፋና እግሩ ይንፈራገጥ ጀመር። እኔ ሳልደርስለት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን እንዳነገተ ከላይ ቆመበት።

"የሕዝብ ሥራ ላይ አረቄ? ተነስ አንተ!"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ አይጠጣም!" አልኩ።

"ጴንጤ ተደብቆ ነው የሚጠጣ" አለና በጫማው ጎኑን መታው። ባሌ ለመነሳት አፈሩን በጣቶቹ ቧጠጠ። ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን አዙሮ በሰደፉ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም ብል ውሸት ነው፤ አንድም አልረሳሁም። የመርጫውን የብረት ዘንግ አነሳሁና አፉ ላይ አሳረፍኩለት። ሁለት ጥርስ ከደሙ ጋር ተፋ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። የማኅበሩ ጥበቃዎች ሮጠው ደረሱና በዱላ ወገቤን እየቀጠቀጡ ጣሉኝ፤ ረጪዎቹ መሃል ባይገቡ እዚያው እቀር ነበር።

ረጪዎቹ ባሌን በቃሬዛ ተሸክመው ከተማ ወዳለው ክሊኒክ አደረሱልን። ድሬሰሩ ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር፤ ሁላችንም "ዶክተር" ነበር የምንለው። የባሌን ዓይን ገልጦ አየ። ብሌኑ ጠብቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል። "ይሄ ስካር አይደለም፣ መርዝ ነው" አለ። መርፌ ወጋው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጋው። ልብሱን ቀዶ ሊያጥበው ሲይዘው እጁ አዳለጠው። እጁን አሸተተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነው ዶክተር። እንዳያቃጥለው ተብሎ ነው።"

"ቅቤ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ መርዝ እኮ ቅባት ይወዳል! ቅቤው ነው ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባበት! ማነው የቀባው?"

መዳፎቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ። ባሌ ከወደቀ ጀምሮ ቃል አልወጣውም ነበር። አሁን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"እኔው ነኝ" አለ። "ራሴ ነኝ።"

በዕድሜው ሲዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የራሱን ጀርባ ራሱ የሚቀባ ሰው የት አለ?

ጎህ ሲቀድ ትንፋሹ ትንሽ የረጋ መሰለኝ። እጄን እንደያዘ ነበር። ያን ጊዜ ሰፈራችን ትዝ አለኝ። ረጪዎቹ ለሥራ የሚወጡት ፀሐይ ሳትሞቅ ነው። ተመልሼ ብሄድ ጥርሱን ያወለቅሁት ሰውዬ ይጠብቀኛል፤ ብቀር ደግሞ እነዚያ ሁሉ ወንዶች በእኔ ምክር ያልቃሉ። ባሌን ትቼ መሄድም አልሆንልሽ አለኝ።

"አሁን እኮ እየተቀቡ ነው" አልኩት።

ዓይኑን አልገለጠም። እጄን ግን ለቀቀኝ።

ሮጥኩ። ጎረቤቴ ደጅ ስደርስ ባሏን አስጎንብሳ ጀርባውን ታሻለች። "ተዪው! የሚገድለው ቅቤው ነው!" አልኳት። "ውይ እህቴ፣ ሐዘኑ አናትሽ ላይ ወጣ" አለችኝና ማሸቷን ቀጠለች። ምን ታድርግ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በአራት ቀን ቃሌን ስገለብጥ ማን ይመነኝ? ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ድንጋይ አነሳሁና ማሰሮውን ፈረካከስኩት።

ያወጣችውን ጩኸት አልረሳውም። ፀጉሬን ይዛ ግቢውን በእኔ ጠረገችው። ክንዴን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አልፈርድባትም፤ ስትንጥ የከረመችው ቅቤ ነው አፈር የጠጣው። ባሏ ሲገላግለን "በእንዶድ ታጠብ! አሁኑኑ በእንዶድ ታጠብ!" እያልኩ ወደሚቀጥለው ቤት ሮጥኩ። ሁለተኛዋ በዘነዘና ትከሻዬን አለችኝ፤ ማሰሮዋ ግን ተሰብሮ ነበር። ሦስተኛው ቤት ማሰሮውን ስሰብር ውሻ ለቀቁብኝ። አራተኛውን ማሰሮ ግድግዳ ላይ ስወረውር ጥበቃዎቹ ከኋላዬ ያዙኝ።

የዘጉብኝ በዚያው በጸሎት ቤታችን ነው፣ ከጣሳዎቹ ጋር። ሊቀመንበሩ አፉን በጨርቅ አስሮ መጣ፤ መናገር ስላልቻለ በጫማው ተናገረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጎኔን ይዤ ሰው ባለፈ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ "ባሌ እንዴት ነው?" እያልኩ ጮህኩ። የመለሰልኝ የለም። ስፈታ የጠበቀኝ የተቆለለ ቀይ አፈር ነው። ትቼው በሄድኩበት ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ብቻውን ሞቷል።

ፀጉሬን ተላጨሁ። ወራት አለፉ። የሰበርኩባቸው ሴቶች ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም፤ ባሎቻቸውን ግን ሳይቀቡ እንደሚልኩ፣ ሲመለሱም በእንዶድ እንደሚያጥቧቸው ሰማሁ። ከአራቱ ቤት አንድም ሰው አልተቀበረም። እኔ ግን ቅቤ በሸተተኝ ቁጥር የባሌ ጀርባ በመዳፌ ሥር ይመጣብኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ከሐዘኗ የምትወጣው ሰው መጥቶ ራሷን ሲቀባት ነው። ማንም እንደማይመጣልኝ ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ገባች። ባሏ በእግሩ ቆሞ ደጅ ይጠብቃታል። በእጇ ገል ይዛለች፤ ከዚያ ከሰበርኩት ማሰሮ የቀረ ገል። ላዩ ላይ ቅቤ አለ።

እጇ ወደ ራሴ ሲመጣ አንጓዋን አነቅሁት፤ ጥፍሬ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። እሷ ግን እጇን አልመለሰችም።

"ዛሬ ርጭት የለም" አለችኝ።

ለቀቅኳትና ራሴን ዝቅ አደረግኩላት።