ከምልክት መምህር መርዶ መደበቅ

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ስለ ምልክት ነበር። ጭስ የእሳት ምልክት ነው፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ የሐዘን ምልክት ነው፣ ቃልም ራሱ ምልክት ነው እያለ ይጽፋል፣ ያስተምራል። እናታችን ይህን ስትሰማ፣ «ጭስ ካለ እሳት መኖሩን ለማወቅ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የተማርከው?» ብላ ትስቅበት ነበር። እሱ አይቀየምም፤ ቁጭ ብሎ ያስረዳታል፣ እሷም እያዛጋች ትሰማዋለች።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ሐሳብ ነበረው። ሰው ምን እንደሚያምን ማወቅ የፈለገ አፉን ትቶ እጁን ይይ፤ እምነት ማለት ሰው ሊሠራበት የተዘጋጀው ነገር ነው ይላል። እኔ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ነበር የምሠራው፤ ሐሳቡ ለእኔም ይጠቅመኝ ነበር። «መድኃኒቴን በሥርዓት እየዋጥኩ ነው» የሚለኝን ሰው ዝም ብዬ እሰማና ማሸጊያውን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።

እናታችን የሞተችው ሞባይል ገና መንዝ ሳይገባ ነው። አክስታችን ከመሐል ሜዳ ቴሌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ደወለች።

«እናትሽ አረፈች፣ ቀበርናት» አለችኝ። «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፣ አንድ ነገር ይሆንብናል። ታማለች ብለሽ ይዘሽው ነይ፤ እዚህ በወጉ እናረዳዋለን። አንቺ ልበ ጠንካራ ነሽ።»

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሲወድቁ የሚይዝ እጅ ባለበት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ለእኔ የተነገረኝ እሱን የሚያመጣ ሰው ስላስፈለገ ነው። የመድኃኒት ካርቶኖች በተደረደሩበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ከሌላ ሰው መርዶ መደበቅ ቀላል ነው። ምልክት ማንበብ እንጀራው ከሆነ ሰው እንዴት ይደበቃል? ብዙ ካሰብኩ በኋላ በገዛ ትምህርቱ ልሸውደው ወሰንኩ። እጅ ነው የሚያምነው፤ እጅ አሳየዋለሁ። ሽሮፕ፣ ቪታሚን፣ የወገብ ቅባት አንድ ላይ ቋጥሬ፣ ጥቁር ነገር የሌለበት ልብስ ለበስኩ። ስደውልለት፣ «እማዬን ትንሽ አሟታል» አልኩት። «እኔም ሰምቻለሁ፣ ነገ እንሂድ» አለ። ሌላ ነገር ባለመጠየቁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ሲመጣ የሱፍ ሹራብ ገዝቶ ይዟል። «ይበቃታል?» ብሎ ትከሻዬ ላይ ለካው። ሹራብ የሚገዛ ሰው እናቱ እንዳለች ያምናል። ስለዚህ ምንም አያውቅም። እስከዚያ ድረስ እንዳይነቃብኝ ነበር የምፈራው፤ ከዚያ በኋላ ግን አሳዘነኝ።

ደብረ ብርሃን ምሳ ስንበላ፣ መርዶውን ከሰማ በኋላ እህል በአፉ እንደማይዞር አውቄ ብላ ብላ አልኩት። እሱም መልሶ እያጎረሰ ብይ ብይ አለኝ። ጣርማ በርን አልፈን ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ጠየቀኝ። ሽሮፑ ከምግብ በኋላ ነው፣ ከመጠጣቷ በፊት ጠርሙሱ ይወዝወዝ ብዬ አስረዳሁት። እንደ ጎበዝ ተማሪ ሰማኝ። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ የምልክት ምሳሌ የሚያደርግ ሰው፣ ያን ቀን ስለ ምልክት አንድም ቃል አላወጣም። እኔ ደግሞ ምንም ያልሆንኩ መስዬ ለመታየት ስለተጠመድኩ ይህን ልብ አላልኩም።

መሐል ሜዳ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የእናታችን ቤት ከከተማው ባሻገር፣ አውቶቡሱ በማያልፍበት በኩል ነው። ከተማ የሚኖረው አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም፣ ተቀበለንና «አሁን መሽቷል፣ በሽተኛዋም ትረበሻለች፣ ጧት ትሄዳላችሁ» አለ። ወንድሜ ያለ ክርክር እሺ አለ። ሲዋሹት እንዲህ በቀላሉ የሚያምን ሰው እንዴት ምልክት ያስተምራል ብዬ ታዘብኩት።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ገቡ፤ አክስታችንና ሴቶች ተከተሏቸው። የእናታችን የንስሐ አባት መሐል ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ ነው» ብለው ጀመሩ። ወንድሜ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ክንዱን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። እጁ ቀድሞ ክንዴን ይዞ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። የሚያየው ቄሱን አይደለም፣ እኔን ነው።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

አክስታችን አጎታችንን አየችው። አጎታችን አንገቱን ደፋ። እሱ ደግሞ ለካ ለብቻው ወንድሜ ዘንድ ደውሎ፣ «እህትህ ሆደ ቡቡ ናት፤ እንዳትነግራት፣ ታማለች ብለህ ይዘሃት ና፤ አንተ ወንድ ነህ» ብሎት ኖሯል። ሹራቡን የገዛው ለእኔ ዓይን ነው። መድኃኒቱን ሲያይ ደግሞ፣ ይቺ ልጅ ምንም አልሰማችም ብሎ በእኔ ሲያዝን ነው የዋለው።

ከዚያ ተያይዘን አለቀስን። ሰዉም ወጉ ነውና ያዘን፣ አጽናናን፣ ለቅሶውም በሥርዓት ሆነ። በዘመዶቼ አልፈርድም፤ ለእኛ ብለው ነው። ያ መንገድ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ለእናታችን እንደ እኔ የሚያለቅስላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።