የምዋሊሙ ሮኬት ፎቶ

ሮኬቷ ከመነሳቷ በፊት ምዋሊሙን «ትንሽ ጠጋ በል» ያልኩት እኔ ነኝ...

ፎቶ ገና በፊልም በሚነሳበት ጊዜ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጓደኛዬ ጉዮ የሳይንስ አስተማሪ ስለነበር ሁላችንም በስዋሂሊ ምዋሊሙ እንለዋለን። ክንድ የምታህል የካርቶን ሮኬት ሠርቶ ናይሮቢ ለሚደረግ የአስተማሪዎች ውድድር ሊያስገባት ፈለገ። ለመመረጥ ግን ከመሬት ስትነሳ የሚያሳይ ፎቶ መላክ ነበረበት። ያገኘው ባሩድ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው።

ከሰዓት ጎልቦ ሜዳ ላይ ወጣን። ሽቦውን ከባትሪው ጋር አገናኘ... ዝም። ደገመ... ዝም።

ግመል የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ያዩናል።

«ምዋሊሙ፣ ከዚችማ ግመሌ ቀድማ ናይሮቢ ትገባለች» አለ አንዱ።

እኔ የሠርግና የመታወቂያ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሰው የሌለበት ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ብርሃኑ ሳይሄድ ቢያንስ ምዋሊሙን ከሮኬቷ አጠገብ ላንሳው አልኩ።

«ጠጋ በላት። ጎንበስ... እጅህን ጣል አድርግባት።»

«ቆይ አባ ፎቶ፣ መጀመሪያ ሽቦውን ልንቀለው።»

«ምን ያስቸኩልሃል? ወደ እኔ እይ።»

ጎንበስ አለ። ለካ ውስጥ ውስጡን ስትጤስ ነበር... ተነሳች። ጣቴ ካሜራው ላይ ስለነበር ተጫንኩ። እሱ ሲጮህ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ፊልሙ በአውቶቡስ ናይሮቢ ሄዶ፣ ታጥቦ፣ በሁለት ሳምንቱ መጣ። እንደዚያ ያለ ፎቶ ከዚያ ወዲህ አላነሳሁም። ሮኬቷ ጥርት ብላ ከመሬት ለቃለች። የምዋሊሙ ፊት ደግሞ ከሥሯ፣ እሳቱ ውስጥ ነው።

ቤቱ ሄድኩ። ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ተነስታለች?» አለኝ።

«ተነስታለች።»

«እኔ እታያለሁ?»

«ትታያለህ።»

«እንግዲያው እኔን ቆርጠህ አውጣና ላክላቸው። እንዲህ ሆኜ ካዩኝ አይጠሩኝም።»

በመቀስ ቆርጬ ላክሁ።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። እሱ ማየት ስለማይችል እኔው አነበብኩለት። «ሥራው የማን እንደሆነ ከፎቶው አይታወቅም። ሠሪው ከሮኬቷ ጋር አብሮ የሚታይበት ይላክልን» ይላል።

ምዋሊሙ ፋሻውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አብሬያት ነበርኩ እኮ» አለኝ።

ሙሉውን ፎቶ እንደገና አሳጥቤ ላክሁላቸው። እስከ ዛሬ መልስ የለም... አይተውት መሆን አለበት።