የብረት ሚዶና የተዘጋ በር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ ዝርዝር አነበበችልኝ። በርካሽ የሚገኙ፣ ሴት ልጅ በየቀኑ ብትገለገልባቸው የሚያምሩባት የውበት ዕቃዎች ናቸው አሉ። ፊት ላይ የምትንከባለል ለስላሳ ድንጋይ አለች፣ የቅንድብ መላጫ አለ፣ የሽፋሽፍት መቆልመሚያ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፀጉር መተኮሻ አለ። «ድንጋዩን እንኳ ከነሪ ወንዝ በነፃ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ሳቀችብኝና መተኮሻውን አዘዘች። በሦስተኛው ቀን ከአርባ ምንጭ ጂንካ ድረስ በአውቶቡስ መጣላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ወጥ ቤት ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የጋለ ፀጉር ሽታ መጣ። ቢላዬን አስቀምጬ ሄድኩና አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። አሁንም ዝም። ከዚያ ያደረግኩትን በደንብ አላስታውሰውም። ሃምሳ ሊሞላኝ የተቃረብኩ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴት ነኝ፤ ግን መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቅሎ ወለል ላይ ወደቀ። ልጄ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? ኤሌክትሪክ እኮ ነው፣ ከሰል አይደለም!» አለችኝ።

ከሰል ቤት ውስጥ እንደማላስገባ ታውቃለች። ጎረቤቱም ያውቃል፣ ያሙኛልም። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሆነ ነው። ያኔ በተወለድኩባት ከተማ በቀይ አፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ እናቴ ጂንካ ቤት ተከራየችልኝ። አከራያችን እትዬ ዘነበች ባሏ የሞተባት የአሪ ሴት ናት፤ ጴንጤ ናት፣ በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን ኃላፊ። የጓሮዋን ክፍል የሰጠችኝ ከካኮ ከመጣች የወንድሟ ልጅ ጋር እንድኖር ነው። ልጅቷ አስቴር ትባላለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን።

እኔ የነጋዴ ልጅ፣ ሁዳዴን የምጾም ኦርቶዶክስ፤ እሷ የገበሬ ልጅ፣ የመዝሙር ልጅ። እናቴ በጭነት መኪና ሽሮና በርበሬ ትልክልኛለች፣ ለእሷ ከካኮ ጎደሬና ማር ይመጣላታል። አንድ ሰሃን ላይ ነበር የምንበላው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሲያስደነግጧት ብቻ አንተና አንቺ ይምታቱባታል፣ እኔም «ወንድ አደረግሽኝ» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ስትዘምር ግን ማንም አያበሽቃትም። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

የዚያን ጊዜ የእኛ የውበት ዕቃ መዳፍ የምታክል መስተዋት፣ አንድ ቫዝሊን፣ አንድ የእንጨት ሚዶ ነው። መፋቂያም ከተቆጠረ መፋቂያ። እትዬ ዘነበች ከዚህ ካለፈ ትቆጣለች። ኩል ዓለማዊነት ነው፣ ፀጉር መተኮስማ ከነጭራሹ አይነሣም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ትለን ነበር፣ እኛም ከኋላዋ አፋችንን እያጣመምን እንደግመዋለን።

አንድ ሐሙስ ለገበያው ቀይ አፈር ወረድኩ። ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጡት መካከል አንዱ ሰውዬ ሸራው ጠርዝ ላይ የብረት ሚዶ አስቀምጧል። እሳት ላይ አግለው ፀጉር የሚያቀኑበት ዓይነት ነው። የእንጨት እጀታው ጠቁሯል። ከማን ቤት እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ ርካሽ መሆኑ ብቻ ነው የታየኝ። እናቴ አይታው ፊቷ ጠቆረ። «የሰው እሳት የበላውን ዕቃ ምን ይሠራልሻል?» አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ከሽሮው ሥር ቀበርኩት።

ለአስቴር ሳሳያት ዓይኗ በራ። በሚቀጥለው ሰኞ ፎቶ አንሺ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ተመራቂዎቹን ሊያነሣ ነው። «እናቴ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች» አለችኝ። «አንድ ቀን ብቻ። ማክሰኞ ታጥቤ ሹሩባ እሠራለሁ። አክስቴ አታውቅም።» ሰኞ ጠዋት ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ልትወጣ ተስማማን።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ዘነበች ለጸሎት ሄደች። የበልግ ደመና ከተራራው ላይ ወርዶ ጣሪያችን ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዶሮዎቹ ገና በስምንት ሰዓት ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ አይቼ ሳቅኩ። ከሰሉን ከበረንዳው ሥር አቀጣጠልን። ከሰል በደንብ ሳይነድ ቤት እንደማይገባ ማንም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ግማሹ ገና ጥቁር ሳለ ዝናቡ መጣና ማንደጃውን ይዘን ሮጥን።

የመጀመሪያው የፀጉር ሽታ እንደወጣ አስቴር ደነገጠች። የጎረቤታችን ልጅ መዘምር ናት፤ ብታሸት በማግስቱ ምእመኑ ሁሉ ይሰማዋል። መስኮቱን ዘጋን። በሩን ቀረቀርን። በሩ ሥር ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ባለ ሰማያዊ ጥለት ነጠላዬን ጠቅልዬ እዚያ ወተፍኩት። እኔ ነኝ የወተፍኩት። አስቴር አላለችኝም።

መጀመሪያ የእኔን ሠራችልኝ። ከዚያ እሷ መደቡ ላይ ተቀመጠችና የእሷን ጀመርኩ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ራሴን ሲወጋኝ ረሃቡ ነው አልኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። እሷ ሲያቅለሸልሻት የተቃጠለው ፀጉር ነው አለች። ለሁሉም ምክንያት ነበረን። ግማሽ ራሷ ለስልሶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ግማሹ እንደነበረ ነው። መስተዋቷን አንሥታ ልታየው ስትል ከእጇ አምልጦ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«እንቅልፌ መጣ» አለች።

ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው።

«አስቴር!» እትዬ ዘነበች ናት። ዝናቡ ጸሎቱን በትኖት ኖሯል። «አስቴር፣ አላችሁ?»

አፌን ከፈትኩ። አስቴር ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኖቿ ግማሽ ተከድነዋል፣ ግን ፍርሃቷ ንቁ ነበር። «አትክፈት» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳች፣ ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ። ከዚያ እግሯ ጭቃውን እየረገጠ ራቀ፤ አስቴርም ፈገግ ብላ ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። ያመለጥን መስሎን ነበር። ትንሽ ቆይቼ ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ፍሙ ቀይ ሆኖ ያምር እንደነበር ትዝ ይለኛል።

የቀረውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እትዬ ዘነበች ዝናቡ ሲያባራ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ የነጠላዬን ሰማያዊ ጥለት በበሩ ሥር ጭቃ ውስጥ አየችው። «የቀይ አፈሯ ልጅ ነጠላዋን ጭቃ አታስነካም» ብላ ጎተተችው፣ ከኋላው ሽታው ወጣ። በሩን በመጥረቢያ ሰበሩት። ሁለታችንንም በቃሬዛ አድርገው፣ ለማቋረጥ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር መሃል፣ ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ። እኔ እኩለ መንገድ ላይ አስታወከኝ። አስቴር አላስታወካትም።

እሑድ ካኮ ተቀበረች። ግማሽ ራሷ የተተኮሰ እንደሆነ ነው የተቀበረችው፤ ይህን ማንም ሊለውጠው አልቻለም። ሰኞ ፎቶው ተነሣ። ሁለታችንም የለንበትም። እትዬ ዘነበች አልጮኸችብኝም፣ አላባረረችኝም። ነጠላዬን አጥባ፣ አጥፋ ሰጠችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጂንካ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እትዬ ዘነበችን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። አምና ዓይኗ ከፈዘዘ በኋላ አንድ ቀን እጄን ያዘችና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያን ቀን ሳንኳኳ ሰምታችሁኛል?»

ሠላሳ ዓመት ግድም ይህን ጥያቄ ስፈራ ኖሬያለሁ።

«ተኝተን ነበር፣ እትዬ። ምንም አልሰማንም።»

እጄን ለቀቀችው። «እኔን ፈርታ ዝም ያለች መስሎኝ ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን። ጌታ ይመስገን።» ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ያለቀስነው ግን ለየብቻችን ነው። በጥር አረፈች። ውሸቴን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም፣ አልጸጸትበትምና።

ቅዳሜ ለታ፣ የተነቀለው መቀርቀሪያ መሃላችን ወለል ላይ እንደወደቀ፣ ለልጄ ግን ሁሉንም ነገርኳት። በሩ ሥር የወተፍኩትንም፣ ዝም ያልኩትንም። መተኮሻዋን ከሶኬቱ ነቅላ ሰማችኝ። «ተኩሺ፣ ተኳዪ፣ የፈለግሽውን ሁኚ» አልኳት። «ብቆጣም ቁጣዬ ያልፋል። እኔ ሳንኳኳ ብቻ ዝም አትበይኝ።»

መቀርቀሪያው ገና አልተጠገነም። ትናንት ማታ ሽታው ሲመጣ ሄጄ በሩን አንድ ጊዜ መታሁ። ሁለተኛውን ሳልደግም «አለሁ፣ እማዬ! ግቢ!» አለችኝ።

እጄ በሩ ላይ እንደሆነ ቆምኩ። ወዲያው መግባት አቃተኝ።