የአስቴር ቀኝ ሳንባ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የነርስ ተማሪዬ የታካሚዋን ሹራብ እንኳ ሳታስወልቅ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ለአፍታ አሳረፈችና "አስም" ብላ ጻፈች።

"ጀርባዋንስ?" አልኳት።

"ሲስተር፣ ለማንኛውም ራጅ ትነሣ የለ?"

አልተቆጣኋትም። ዛሬ እዚህ ሚዛን ሆስፒታል ራጁም ላቦራቶሪውም ሐኪሙም ቅርባችን ነው። ማታ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ ደረት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ በቡና እርሻዎች መሀል ያለች አነስተኛ ጤና ጣቢያ ነበረች። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን ሚዛን ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ዝናብ አዲሴ አልነበረም። የቴፒው ሙቀት ግን ሌላ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ይተናል፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ምሳችን አብዛኛውን ጊዜ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥል የቃሪያ ድቁስ፣ ነበር። ዛሬም ዳጣ ስቀምስ የዚያ ጤና ጣቢያ በረንዳ ነው የሚታየኝ።

ኃላፊያችን ጋሽ ተሾመ የሚባሉ፣ እኔ ሳልወለድ መርፌ የጨበጡ ጤና ረዳት ነበሩ። አገሩ ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚላቸው። እሳቸው ካሉ፣ አሉ ነው።

አስቴር የመጣችው ሐምሌ ውስጥ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት የሸኮ ልጅ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ መሪ ድምፅ የነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስል ኖራ አልፎ አልፎ ደም መትፋት ጀምራለች። የቲቢ መድኃኒት አንድ ቀን ሳታጓድል ጨርሳለች፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። አክታዋ ሲመረመር ተሕዋሱ አንድ ጊዜም አልታየም። ቢሆንም በእኛ አገር ደም ያስተፋ ሳል ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቀዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጋሽ ተሾመም መድኃኒቱን እንደገና ሊያስጀምሯት ነበር።

የከበዳት ግን ሳሉ አልነበረም። አማቷ የአራት ዓመት ልጇን ምሕረትን "እንዳይተላለፍባት" ብለው ወደ ራሳቸው ቤት ወስደዋታል። አስቴር ልጇን የምታያት በአጥር ላይ ነው።

"ትጠራኛለች" አለችኝ። "እኔ አልጠጋትም። እጄን ብቻ አወዛውዝላታለሁ።"

ልብሷን አስወልቄ አዳመጥኳት። በግራ በኩል ትንፋሹ ጥርት ያለ ነው። በቀኝ ጀርባዋ፣ ከትከሻ አጥንቷ በታች፣ አንድ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ስትተነፍስ ይመጣል፤ አስላ ስትጨርስም እዚያው ነው። አስም ቢሆን ሁለቱም ወገን ባፏጨ ነበር። መምህራችን "በአንድ ቦታ ብቻ የሚያፏጭ ሳንባ መንገዱ ላይ የቆመ ነገር አለ" ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ።

"ጋሽ ተሾመ፣ ይኼ ቲቢ አይመስለኝም" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ከመጣሽ ስንት ወርሽ ነው?"

"አራት። ግን እባክዎ አንዴ ያዳምጧት።"

ማዳመጫውን ተቀበሉኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቦታ እየቀያየሩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ "ስንት ጊዜ አይቻታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላዳመጥኳትም።" የሪፈር ወረቀቱንም በገዛ እጃቸው ጻፉት።

በአይሱዙ ተጭነን ሚዛን ስንደርስ ጭቃው እስከ ጉልበታችን ነበር። የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ያየው ወጣት ሐኪም፣ የቀኙ ሳንባ ታችኛው ክፍል አየር አጥቶ መኮማተሩን አሳየንና አዲስ አበባ እንድትሄድ ወሰነ። አስቴርም ባሏ መንገሻም አዲስ አበባን አያውቋትም። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ፤ አክስቴ ቤት አረፍን።

እዚያ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብተው የአየር ቧንቧዋን አዩት። ቧንቧውን የዘጋ ቀይና ለስላሳ እብጠት ተገኘ፤ ልክ እንደ በሰለ እሸት ቡና። ከእሱ የተቆረጠው ናሙና ውጤት እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን።

ውጤቱን የነገሩን ፀጉራቸው የሸበተ ቀዶ ሐኪም ናቸው።

"ነቀርሳ ነው" አሉ።

አስቴር አንገቷን ደፋች። "እሱንማ ነግረውኛል፤ መድኃኒቱንም ጨርሻለሁ።"

"ያኛው አይደለም። ይኼ ካንሰር ነው። ካርሲኖይድ ይባላል፤ ብዙ የማይገኝ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው። ሌላ ቦታ የሄደ አይመስልም፤ ያለበትን የሳንባ ክፍል ቆርጠን ካወጣነው የመዳን ተስፋሽ ትልቅ ነው።"

መንገሻ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለ። "ሳንባው ተቆርጦ ሰው ይኖራል?"

አስቴር ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። "ዶክተር፣ ወደ ልጅ ይተላለፋል?"

"በፍጹም።"

"በትንፋሽም?"

"በትንፋሽም ቢሆን፣ አብሮ በመብላትም ቢሆን አይተላለፍም።"

እልል አለች። ካንሰር አለብሽ የተባለች ሴት እልል ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እልልታው በሳል ተቋረጠ፤ አሁንም እንደገና እልል አለች። ሐኪሙ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ስለ ልጅቷ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን መንገሻና እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ግማሽ ቀን ጠበቅን። ሐኪሙ ወጥተው "ሙሉ በሙሉ ወጥቷል" ሲሉ፣ መንገሻ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። በኋላ የመጣው ምርመራም በሽታው እንዳልተዛመተ አረጋገጠልን።

ቴፒ የገባነው ቡናው ቀልቶ ለቀማው ሲጀመር ነው። አማቷ ምሕረትን በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ቆመዋል። ሴትዮዋ "ይቅር በይኝ ልጄ" አሏት። አስቴር እጇን ዘረጋች። ልጅቷ መጀመሪያ ተደበቀች፤ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ ሮጣ መጣች። አስቴር ቁስሏ ገና ስላልጠና ልታነሣት አልቻለችም። መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና አቀፈቻት።

ከገና በኋላ ባለው አንድ እሑድ ዘመረች። መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች፤ ጉባኤው ጠበቃት፤ ካቆመችበት ቀጠለች። በመስኮቱ ወደ ውጭ ባይ፣ ከማርያም ቅዳሴ የመጡት ጋሽ ተሾመ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ወደ ውስጥ አልገቡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

ጋሽ ተሾመ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ እንደ እሳቸው በታካሚ ፊት፣ ያውም ለአራት ወር ጀማሪ፣ "አላዳመጥኩም" ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ሳንባ አዳመጥኩ! ዘግይቼ የደረስኩላቸው አሉ፤ ደርሼም ምንም ያላደረግኩላቸው አሉ፤ እነሱን አልረሳም። አስቴር ግን ይኸው አለች። እኔ ቁልቁለት ስወርድ የሚያለከልከኝን መንገድ እሷ ዳገቱን እያወራች ትወጣዋለች። እሷን ባየሁ ቁጥር ያኔ የነበርኩት ያቺ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ታኮራኛለች፤ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም፣ የሰማችውን ሰምቻለሁ ብላለችና።