ለሙሽሪት የሸመንሁት ጥቁር ጥለት

ባለቤቴ ሸማኔ ነበር። ከኒሯቅ ገበያ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ሽመና ከእጅ ይልቅ የእግር ሥራ ነው፤ መርገጫውን መርገጥ አቃተው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። ከሰቆጣ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ሁለት ትንንሽ ልጆች እናሳድግ ነበር።

በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት እግሯን መርገጫው ባለበት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዳ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ከአጠገቡ ሆኜ ድር ሳደራ፣ የተበጠሰ ክር ስቀጥል፣ እጁንም እግሩንም ሳይ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ሲወርድ በሩን ዘግቼ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ የሸመንሁት እንደ ወንፊት የሳሳ ነበር። እሱ መደቡ ላይ ተጋድሞ፣

«ግራሽን! ግራሽን እርገጪ እንጂ! ጭቃ የምታቦኪ መሰለሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቀስ በቀስ እጄ ገባ። ተፈጥሮዬ ፈሪ ነው፤ ልጆቼ ባስነጠሱ ቁጥር ግንባራቸውን የምዳስስ ሴት ነኝ። ድሩንም ሦስት ጊዜ ቆጥሬ አላምንም። እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬ ነበርና ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፍሁ እንደገና እቆጥራለሁ። ሰው ቢያውቅብን ግን ማን የፈተለውን ድውር ያመጣልናል? ነገስ ሴት ልጄን ማን ያገባታል? ስለዚህ በሩ እንደተዘጋ ቀረ። ደንበኞች ድውራቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፣ እሱ ልብሱን ያስረክባል። «እጅህ ከበፊቱ ተሻሽሏል» ሲሉት ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያንገበግበኛል።

አንድ ጥር ከላይኛው ሰፈር አንዲት እናት ለሙሽሪት ልጇ ነጠላ አሠራች። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውን ድውር ነበር ያመጣችው። ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴ እንዲሆን አዘዘች። እኔም እንደ ልማዴ በር ዘግቼ፣ በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን ብቻ ሠራሁት።

ልትወስደው የመጣች ቀን ለሠርጉ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው።

«ኧረ በሕግ! ጥቁር ነው እኮ! ልጄን ልድር ነው ወይስ ልቀብር?»

እውነትም ጥቁር ነበር። የሐዘን ጥለት። በንዴት ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ ወደ ኽምጣኛ ገባች፤ ያኔ ያለችውን አልጽፈውም። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞራ፣ «ዓይንህም እንደ እግርህ ሄደ እንዴ?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው እትዬ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለ።

ስለ እኔ ብሎ ዋሸ። ዓይኑ ደከመ የሚል ወሬ ከወጣ ሸማኔነቱ አበቃ፤ ሙሽሪትም ያለ ነጠላ መውጣቷ ነው። ከበሩ ኋላ ወጣሁ።

«እትዬ፣ የሸመንሁት እኔ ነኝ። እሱ አልነካውም።»

እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ እግሬን አየች። «አንቺ? ጉድጓድ ገብተሽ?»

«አዎ። ሰው እንዳያየኝ በር ዘግቼ ስሠራ ክሩ ተሳሳተብኝ። ከሠርጉ በፊት ሌላ አደርስልዎታለሁ። ድውሩንም ከራሴ አወጣለሁ።»

«በዚሁ ጨለማ?»

«በፀሐይ። መጥተው ይዩኝ።»

ነጠላውን ደጃፉ ላይ ጥላው ሄደች።

ያን ዕለት ግቢያችን ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር አዲስ ጉድጓድ ቆፈርን፤ እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ በዶማ ይቆፍራል፣ እኔ አፈሩን አወጣለሁ። ለራሴ ነጠላ የፈተልሁትን ድውር አደራሁት። በማግስቱ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥሁ። እግሬን ስሰድድ ልብሴን የገፈፉኝ ያህል ተሰማኝ። መንገደኛው እየቆመ ያየኛል። አህያ የሚነዳ አንድ ሰውዬ ጮክ ብሎ፣

«ጉድ ፈላ! ሚስትየዋ ሸማኔ፣ ባልየው ፈታይ! አሁን ማን ሊወልድ ነው?» አለ።

ባለቤቴ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባውን ማግ በቀሰም ላይ ያጠነጥን ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ «እኔ ነኛ! አራስ ጥየቃ ስትመጣ ቅቤ እንዳትረሳ» አለው።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መወርወሪያው ግን ከእጄ አልወደቀም።

በሦስተኛው ቀን የሙሽሪት እናት መጣች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ጀመር። የመጨረሻው ጥለት ላይ ስደርስ ክሩን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አሳየኋት።

«ይኸ ነው እትዬ?»

«እሱ ነው።»

እስክጨርስ ከቦታዋ አልተነሣችም። ቆርጬ ሳወርደው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ዳሰሰችው። «እንዲህ ጠብቆ የተሸመነ ጠርዝ ለራሴ ሠርግም አላገኘሁ» አለች።

በሠርጉ ቀን ሙሽሪት ተከናንባው ወጣች። ከሰው ኋላ ቆሜ አረንጓዴው ፀሐይ ላይ ሲያበራ አየሁ። አንዲት ሴት ማን እንደ ሠራው ስትጠይቅ የሙሽሪት እናት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች፤ «ያቻትና!» ፊቱን ያዞረብኝ ሰው ነበር፤ አልዋሽም። እኔ ግን የዚያን ቀን አንገቴን አልደፋሁም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሴቶች ድውራቸውን ይዘው ግቢያችን ገቡ። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበርሁ። እነሱ እንደ ልማዱ ወደ ባለቤቴ ሄደው ልኬቱን ይነግሩት ጀመር። እሱ እጁን አወናጨፈ።

«ለእኔ ምን ትነግሩኛላችሁ? ሸማኔዋ እዚያ አለችላችሁ።»

ከጉድጓዱ እግሬን አወጣሁ፤ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ አራግፌ ድውሩን ተቀበልኋቸው።