ቅባት ነው ያሉት ሕመሜ

ድምፄ መሻከር የጀመረው በክረምት ነው። ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ ጣሪያ ራሱን የቻለ ከበሮ ይሆናል። ከኋላዬ ድራሙ፣ ከላይ ዝናቡ፣ መሐል ላይ እኔ። ዘማሪ የገዛ ድምፁን የሚሰማበት፣ መድረኩ ላይ ወደ እሱ ዞሮ የሚቀመጥ ስፒከር አለ፤ የእኛ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ የሚያሠራውም አልተገኘም። ስለዚህ እጮሃለሁ። እሑድ አምልኮ፣ ረቡዕ ልምምድ፣ ዓርብ የጸሎት ፕሮግራም፣ በዚህ መሐል ደግሞ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። በሥራ ቀን የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚውል ሰው ድምፁን መቆጠብ እንደማይችል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

የአምልኮ ቡድናችን መሪ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ባሌ ቤዝ ጊታር ይመታል። የተዋወቅነውም እዚያው መድረክ ላይ ነው።

አንድ ረቡዕ ልምምድ ሳንጀምር ለመሪው፣ "ጉሮሮዬ ደህና አይደለም። ይህን እሑድ ሌላ ሰው ቢመራ" አልሁት።

እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሣ፣ "እህቴ፣ ጠላት እኮ የሚያገለግልን ሰው ነው የሚዋጋ" አለኝ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ "ደግሞ አስተውለሻል? ድምፅሽ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ሕዝቡ እንዴት እንደሚነካ! ይሄ ሕመም አይደለም፤ የመንፈስ ቅባት ነው" አለ።

ስለ ሕዝቡ የተናገረው እውነት ነበር። ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰነጠቃል፤ እኔ ምላጭ የዋጥሁ ያህል ያመኛል፤ ከፊቴ ያለው ሰው ግን እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፣ ይንበረከካል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እናቶች እጄን ይዘው፣ "ተባረኪ ልጄ፣ ዛሬስ መንፈስ ራሱ ነው ያለቀሰብሽ" ይሉኛል። እቤቴ ገብቼ ውኃ ስጠጣ እንባዬ ይመጣል። ያ እንባ ግን የመንፈስ አልነበረም።

እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ጴንጤ የሆንሁ ጊዜ ለብዙ ዘመን ተኳርፈን ነበር፤ ያስታረቀን የልጄ መወለድ ነው። መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ የልጅ ልጇን ልታይ በጀልባ መጣች። ወደቡ ላይ ቆሜ "እማዬ!" ብዬ ስጣራ ከሰዉ መሐል ዞር ብላ ፈለገችና፣ የተጣራው ሌላ ሰው መስሏት ፊቷን መለሰች። ሄጄ ስይዛት ደነገጠች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ድምፅሽን ማን ወሰደው?"

"መዝሙር በዛብኝ እማዬ።"

"በሬ እንኳ ከቀንበር ይፈታል" አለች፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች። "የእናንተ አምላክ ዕረፍት የሚባል አያውቅም?"

አምላክ አንድ ነው ብዬ ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ ጉሮሮዬን ስላመመኝ ተውሁት። እሷ ግን አልተወችኝም። ሐኪም ሳታዪ ወደ ዘጌ አልመለስም ብላ እቤቴ ተቀመጠች።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ወጣት ነው። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ ጉሮሮዬን አየና፣ "የድምፅ አውታሮችሽ ላይ እብጠት አለ። አሁን ካረፍሽ ሊጠፋ ይችላል። ካላረፍሽ ግን ጠባሳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እኔም ብዙ አልረዳሽም" አለኝ።

"መዝሙርስ?"

"መዝሙር አይታሰብም። ወሬም ቀንሺ።"

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ሙስሊም ናቸው። የሐኪሙን ማስረጃ አዩና፣ "ልጄ፣ ጤናሽ ይቀድማል" ብለው በማግስቱ ከክፍል አውጥተው ቤተ መጻሕፍት መደቡኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። መከራዬን ያየሁት ወንድሞቼና እህቶቼ በምላቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

"የዓመቱ ኮንፈረንሳችን እኮ ደረሰ" አለ መሪያችን። "እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሰው የሚጠብቀው ያንቺን ድምፅ ነው።"

"ሐኪሙ ጠባሳ ይሆናል ብሎኛል።"

"አንቺ የማንን ቃል ነው የምታምኚ?"

ይህች ጥያቄ አፍ ታስይዛለች። ሐኪሙን ካልሁ እምነት የለሽ ነኝ፤ እግዜርን ካልሁ መዘመሬ ነው። ቡድኑ ከበበኝና እጅ ጭነው ጸለዩልኝ፤ ሲጨርሱም "ተፈውሰሻል" አሉኝ። ምራቄን ስውጥ ያው ሕመም እዚያው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዞ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ታርፊያለሽ" አለኝ። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ነው ይህን የሚለኝ።

የኮንፈረንሱ መዝጊያ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ሁለተኛው መዝሙር መሐል ላይ ድምፄ ቆመ። አልሻከረም፣ አልተሰነጠቀም፤ ቆመ። አፌን ከፍቼ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። ሕዝቡ በመንፈስ የተነካሁ መስሎት መዝሙሩን ተቀብሎኝ ጮኸ፤ እያለቀሰ ጮኸ። መሪያችን ከኪቦርዱ ተነሥቶ ማይክ ያዘ።

"ይህችን እህታችንን ሐኪሞች ሁለተኛ አትዘምሪም ብለዋት ነበር! ዛሬ ግን በፊታችሁ ዘመረች! ጌታ ፈውሷታል! ምስክርነቷን ከራሷ አፍ ስሙ!"

እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ወደ ባሌ ዞርሁ። ዓይኑን የጊታሩ ክር ላይ ተክሏል፤ ቀና አላለም። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ በቀረችኝ ትንፋሽ፣ "አልተፈወስሁም" አልሁ። "ታምሜአለሁ። አትዘምሪ ተብዬ ነው የዘመርሁት። እያወቁ ነው እዚህ ያቆሙኝ..."

ማይኩ ጠፋ። ሳውንድ የሚሠራው ወንድም ዘግቶታል። መሪያችን ሮጦ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠና ፈጣን መዝሙር ጀመረ፤ ድራሙ ተከተለው፣ ቤዙም ተከተለው። የባሌ ቤዝ። እኔ አፌ እየተንቀሳቀሰ መድረክ ላይ ቆሜ ሕዝቡ በጭብጨባ ይዘላል። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰምተውኛል፤ አይቻቸዋለሁ። እነሱም ያጨበጭባሉ።

በጎን በር ወጥቼ በእግሬ እስከ ጣና ዳር ሄድሁ። እምቦጭ የወረሰው ዳርቻ ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ሰው ልረግም ፈለግሁ። ሰው ሲናደድ ይጮሃል፤ እኔ የምጮህበት አልነበረኝም። ድንጋይ እያነሣሁ ውኃው ላይ ወረወርሁ። ታንኳ የሚጠግኑ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?" አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ ልበል አይ ልበል እኔም አላውቅ።

በማግስቱ መሪያችን እቤት መጣ። ሶፋው ላይ ተደላድሎ ስለ ትሕትና፣ ስለ መታዘዝ፣ በእንግዶች ፊት ስላሳፈርሁት ነገር ረጅም አወራ። በመጨረሻ፣ "ንስሓ ገብተሽ ትመለሻለሽ፤ እኛ ይቅር ብለንሻል" ሲለኝ ተነሥቼ በሩን ከፈትሁ።

"ከቤቴ ውጣልኝ" አልሁት በሹክሹክታ።

ባሌ፣ "ኧረ ተይ፣ እንግዳ እኮ ነው" አለ።

"አንተም ከፈለግህ አብረኸው ውጣ።"

አብሮት አልወጣም። ልጃችንን አቅፎ ጓዳ ገባ፤ ሲያለቅስ ሰማሁት። በሚቀጥለው እሑድ ግን ቤዙን በትከሻው አንግቶ ሄደ። ሲመለስ ምሳ አቀረብሁለት እንጂ አንድ ቃል አልተናገርሁትም። ዛሬም አብረን እንኖራለን፤ መልካም አባት ነው፤ ያችን ቀና ያላለባትን ቅጽበት ግን እስከ አሁን ይቅር አላልሁለትም። የሚጠይቀኝ ሲመጣ ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ሐኪሙ እንዳለው ጠባሳ ሆነ። ኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ንግግሬ ተመለሰልኝ፤ ዜማው አልተመለሰም። ክፍል ገብቼ በትንሽ ማይክ አስተምራለሁ። እሑድ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ መዝሙር ሲጀመር እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ዝም እላለሁ። እግዚአብሔርን አልተጣላሁም። በስሙ የነዱኝን ግን ተጣልቻለሁ። መሪያችን አዲስ አበባ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሹሞ ሄዷል አሉ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ የሚጠይቅበት ነገር እንዳለም አያውቅ ይሆናል።

ባለፈው ጠጉሬን ልሠራ ሠፈራችን ካለው ጠጉር ቤት ገባሁ። የምትሠራኝ ልጅ አዲስ ነች፤ ስልኳን መስታወቱ ሥር አስደግፋ መዝሙር ከፈተች። የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ያ ኮንፈረንስ ተቀድቶ ኖሯል፤ ድምፄ እስኪቆም ያለው ብቻ ተቆርጦ፣ የተናገርሁት ሳይኖርበት፣ ከስልክ ስልክ ይዞራል።

"ስሚያት እስቲ፣ እትዬ" አለችኝ ልጅቱ። "ድምጿ ስብር ሲል እኮ ሰውነቴን ነው የሚወረኝ።"

"አውቃታለሁ" አልሁ። "ያን ቀን ታማ ነበር።"

እጇ ጠጉሬ ላይ ቆመ። "ታማ? ታዲያ ለምን አዘመሯት?"

"ጠይቂያቸው" አልሁ። "እኔ ልናገር ብል ማይኩን ዘጉብኝ።"

በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ሰደድ አድርጋ ስልኩን አጠፋችውና ጠጉሬን ቀስ ብላ መሥራት ቀጠለች።