ቢቸናን ለምን ለቀቅሽ?

በደርግ ጊዜ ቢቸና ነርስ ሆኜ ተቀጥሬ ዓመት ሳልሞላ ለቀቅሁና ሞጣ ወዳለ ክሊኒክ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ኃላፊው ሽማግሌ ነበሩ፤ ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ ለምን ለቀቅሽ?» አሉኝ።

«ከአለቃዬ ጋር አልተስማማንም።»

«መድኃኒት ጎድሎብሽ ነው ወይስ ከቀበሌ ተጣልተሽ?»

ቢቸና ደውለው ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም አይነበብም።

«ሌባ ብሆን እርስዎ ዘንድ እመጣ ነበር?»

«ሌባም እንዲሁ ነው የሚለው» ብለው ሳቁ።

ሰው ቸግሯቸው ነው መሰለኝ ቀጠሩኝ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጧት። መርፌ ልወጋ ስል እጠራታለሁ፤ ከፍታልኝ እዚያው ትቆማለች።

አንድ ቀን፣ «ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«እጅሽን ነዋ፣ እህቴ።»

ያኔውኑ ጥዬ መውጣት አማረኝ። ግን ሁለተኛ ብለቅ ቀጣዩ ኃላፊ ጨርሶ እንደማያስገባኝ ስለማውቅ፣ መድኃኒቱን በመርፌ ቀዳሁ።